ወለል የሌለው ጉድጓድ

ኦቦ ዱቤ ሆድ የሚባል ነገር የላቸውም። ጋቢያቸውን ተከናንበው ከቆሙ፣ ከሩቅ ያያቸው ሰው የአጥር ቋሚ ነው ብሎ ቢያልፍ አይፈረድበትም። ስለዚህ ሲድራ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ አክስቷን ጠይቃ ከሰበታ ስትመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጡት፣ ከጋቢያቸው ሥር የመውለጃዋ ወር የገባ ሴት የሚያህል ሆድ ያወጡት ሽማግሌ የቡራዩ ጎረቤቷ መሆናቸውን ለማመን ደግማ ማየት ነበረባት።

«አካም ጂርቱ ኦቦ?» አለች።

«ነጋ፣ ገለተ ዋቃ» ብለው ሰላምታውን በአጭሩ መለሱና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። በሌላ ቀን ቢሆን የአባቷንና የእናቷን ብቻ ሳይሆን የሌላቸውን ላም ጤንነት ጭምር ጠይቀው ነው የሚለቋት።

ሾፌሩ መንገድ የገባች ውሻ ለማትረፍ ፍሬን ሲይዝ ሆዱ ተፈታ። ነጭ የናይለን ገመድ እየተተረተረ ወርዶ ከረዳቱ እግር ሥር ተከመረ።

ሲድራ አፏን መያዝ የምትችል ልጅ አይደለችም። «እንኳን ማርያም ማረችዎ፣ ኦቦ» አለች።

ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ። ሽማግሌውም ላለመሳቅ ጥቂት ታግለው ተሸነፉ። ገመዱን አብራቸው ስትጠቀልል ግን ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይህን ለአባትሽ እንዳትነግሪው» ሲሏት ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ አልነበረም። ሲድራ ቃል ገባች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሲድራ አባት አክመል ከኦቦ ዱቤ ግቢ ሁለት በር አልፎ ሱቅ አለው። ባልዲ፣ ጄሪካን፣ ሮቶ፣ በየውፍረቱ የተጠቀለለ ገመድ ይሸጣል። ሰው ደጁ ላይ ያለውን ገመድ ትቶ ሰበታ ድረስ የሚሄደው የሰበታ ገመድ ስለሚጣፍጥ አይደለም። ከገፈርሳ በላይ ባለው በዚያ ሰፈር ቧንቧ ገና አልደረሰም፤ ሁሉም በየግቢው ቆፍሮ ነው የሚጠጣው። እዚያ የጉድጓድ ጥልቀት እንደ ሴት ዕድሜ ነው፤ አይጠየቅም፣ አይነገርም። ገመድ የገዛ ሰው ውሃዬ ሸሸብኝ ብሎ አወጀ ማለት ነው። ልጁን ጄሪካን አስይዞ ጎረቤት ጉድጓድ የላከ ደግሞ ከዚያ ወዲያ እድር ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ መናገር ይከብደዋል። እናም ሁሉም ይደብቃል፣ ሁሉም ይቆፍራል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለወንዝ ብቻ አይደለም።

ከሚኒባሱ ወርደው ዳገቱን ሲያያዙት ሲድራ ገመዱን ተሸከመችላቸው። ሽማግሌውም መንገድ ላይ ምስጢሩን አወሩላት፤ አንዴ ከታየ ወዲያ ምን ይደበቃል። ግንቦት በገባ ቁጥር ውሃው ይሸሻል። በየዓመቱ የእህታቸው የወርቅቱ ልጅ ሌንጮ ወርዶ ያጠልቅላቸዋል። ምን ያህል ቢባሉ፣ ውሃው የወረደውን ያህል። ዘንድሮ አሥራ አራት ስንዝር ወርዷል፤ ስለዚህ ነገ ጠዋት ሌንጮ አሥራ አራት ስንዝር ይቆፍርና ለከርሞ ይበቃል።

«በቅቶ ያውቃል?» አለች ሲድራ።

ኦቦ ዱቤ ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ትንሽ ይጎድላል» አሉ። «በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይጎድላል።»

ሲድራ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። የሒሳብ መምህርቷ አጸደ በዚያ ሰሞን ስለ ተከታታይ ቁጥሮች ታስተምራቸው ነበር። ሲድራ ደግሞ የተማረችውን ሰው ላይ ካልሞከረች እንቅልፍ የማይወስዳት ዓይነት ናት። የየዓመቱን መጠን በምን እንደሚያውቁት ጠየቀቻቸው። በአሮጌው ገመድ ላይ ቋጠሮ እየቋጠሩ መሆኑን ነገሯት፤ በየግንቦቱ የውሃው ፊት የደረሰበት ቦታ አንድ ቋጠሮ። ልየው አለች።

ግቢው ውስጥ ሌንጮ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ተቀምጦ የዶማውን እጀታ ያጠብቅ ነበር። ከሰፈሩ ጉድጓዶች ግማሹን የቆፈረው እሱ ነው። ሲወርድ ይዘፍናል። ድምፁ ስላማረ አይደለም፤ ያን ድምፅ ከምድር በላይ ሆኖ የሚሰማው ሰው ጆሮውን ይይዛል። የዚያ ሰፈር ቆፋሪዎች ልማድ ነው፤ ዘፈኑ እስከተሰማ ድረስ ላይ ገመድ የያዙት ልባቸው ይረጋል፣ ሲቋረጥ ይጎትታሉ።

«የአክመል ልጅ ከእኛ ግቢ!» አለ ሌንጮ። «ለስለላ ነው?»

«ዘፈንህን የሚያስቆም ሰው ፈልጊ ተብዬ ተልኬ ነው።»

«ኤሱማ፣ ይህችን ከየት አመጧት?» አለ ወደ እናቱ ወንድም ዞሮ። ኤሱማ የሚላቸው በዝምድናቸው ነው።

አሮጌው ገመድ ሣሩ ላይ ተዘረጋ። ሲድራ በእጇ ልትለካ ስትል ኦቦ ዱቤ ከለከሏት፤ የቋጠሩት እሳቸው ናቸውና መለኪያውም የእሳቸው ስንዝር መሆን አለበት። ተንበርክከው ለኩ። ከመጀመሪያው ቋጠሮ እስከ ሁለተኛው አራት ስንዝር። ቀጥሎ ስድስት። ቀጥሎ ዘጠኝ። የመጨረሻው አሥራ አራት። ገመዱ ከአፍ እስከ ጫፍ ሰባ ስንዝር ሆነ።

«እንግዲህ ከአምናው ወደ ዘንድሮው ስንት ጨመረ?» አለች ሲድራ።

«ከዘጠኝ ወደ አሥራ አራት፣ አምስት።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ሦስት። ከዚያም በፊት ሁለት። ታዲያ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይጎድላል አላልኩሽም?»

«መቀነሱን ይተዉትና ያካፍሉት፣ ኦቦ። ስድስት የአራት ስንት እጥፍ ነው?»

ኦቦ ዱቤ ዕድሜያቸውን እህል ሲሰፍሩ የኖሩ ናቸውና ይህ አልቸገራቸውም። «አንድ ከግማሽ።»

«ዘጠኝ የስድስት?»

«አንድ ከግማሽ።»

«አሥራ አራት የዘጠኝስ?»

እዚህ ላይ በጣታቸው ቆጠሩ። «አንድ ከግማሽና ፍርፋሪ» አሉ።

«ፍርፋሪው የስንዝርዎ ይሁን። ጭማሪው በየዓመቱ ይለያያል፤ እጥፉ ግን አይለያይም። አጸደ ይህን የዕድገት ምጣኔ ትለዋለች። የዘንድሮው ከአምናው የሚወለድበት ልክ ነው። አንቱ የሚቆፍሩት ያለፈውን ያህል ነው። ውሃው ግን ያለፈውን አይደግመውም፤ ከእነ ግማሹ ነው የሚወልደው። በየዓመቱ የሚጎድልብዎ እሱ ነው።»

ልጅ የተማረውን ሲያወራ ሽማግሌ ብዙውን ጊዜ ጺሙን እየዳበሰ ይሰማል እንጂ አይከራከርም፤ ዝም ማለት ከመሸነፍ ይሻላል። ኦቦ ዱቤ ግን ተከራከሩ፤ ይህም ክብር ይገባዋል። በመጀመሪያ ውሃ የፈጣሪ እንጂ የሰው ቁጥር ተገዢ አይደለም አሉ። ሲድራም ዝናብ የፈጣሪ መሆኑን አልካድኩም፣ ዶማው ግን የሌንጮ ነው አለች። ቀጥለው፣ አራት ዓመት አይቶ መፍረድ አራት ቀን አይቶ ሙሽራ እንደ ማመስገን ነው አሏት። ይህ ጥሩ ክርክር ነበር፤ ሲድራም አልሸሸችውም።

«ልክ ነዎት፣ አራት ትንሽ ነው» አለች። «አጸደም ከጥቂት ቁጥር ተነስታችሁ አትማሉ ትለናለች። ግን በየትኛው ብንሳሳት ይሻለናል? በኔ ስሌት ተጠንቅቀን ብንሳሳት የሚቀርብን አንድ ቁፋሮ ነው። በአንቱ ስሌት ብንሳሳትስ?»

«እሺ፣ በአንቺ ስሌት ለከርሞ ስንት ነው?»

«ሃያ አንድ።»

«ከዚያስ?»

«ሠላሳ አንድ ገደማ። ከዚያ አርባ ሰባት። በአራተኛው ዓመት ሰባ ይደርሳል። ኦቦ፣ በአንድ ግንቦት ብቻ የሚወርደው ይህን ሣር ላይ ያለውን ገመድ ሙሉውን ያህላል ማለት ነው።»

ሽማግሌው ገመዱን አዩት። አንድ ጊዜ ጎተራቸው ውስጥ አንዲት አይጥ አይተው፣ ለአንዲት አይጥ ብዬ ጎተራ አላፈርስም ማለታቸውን፣ ለመስቀል ግን ከእህሉ ይልቅ አይጡ በዝቶ ማግኘታቸውን አወሩ። ለሲድራ ሳይሆን ለራሳቸው ነበር የሚያወሩት።

ያን ጊዜ ሌንጮ ዶማውን መሬት ላይ አኖረ። «ኤሱማ፣ ልጅቷ አልዋሸችም» አለ። «የእናንተን ባጠለቅኩ ማግስት የታችኛው ጎረቤት ውሃዬ ሸሸ ብሎ ይጠራኛል። የእሱን ሳጠልቅ ከእሱ በታች ያለው። ዞሬ ዞሬ እንደገና እናንተ ዘንድ እመጣለሁ። ውሃውን የማሳድደው እኔ ነኝ። ለእኔማ እንጀራ ነው፤ በእሷ ቁጥር ከሄድን በጥቂት ዓመት ቪላ እሠራለሁ።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት። «ችግሩ፣ አሁንም እዚያ ታች ስደርስ አየሩ ይከብደኛል። ሃያ ስንዝር ሲጨመርበት ዘፈኑን ከየት አመጣዋለሁ?»

ሲድራ መላውን ተናገረች፤ ጎረቤት ሁሉ ቁፋሮ ያቁም፤ ደህና ውሃ ካላቸው ጉድጓዶች በተራ ይቀዳ፤ ክረምት ሲገባ የጣራው ውሃ በአሸንዳ ወደ ሮቶ ይግባ። ሌንጮ አሸንዳ መስቀል እንደሚችል፣ ወደ ላይ መውጣት ከወደ ታች መውረድ እንደሚሻለው ተናገረ። ኦቦ ዱቤ የከበዳቸው ግን ሥራው አልነበረም።

«በተራ ይቀዳ ስትዪ፣ እኔ የአባትሽ ጉድጓድ ላይ ባልዲ ይዤ እቆማለሁ?»

«አባቴም እዚህ ይቆማል።»

«አክመል እዚህ?» አሉ። ገመዱን እየጠቀለሉ፣ «ሌንጮ፣ ነገ አትወርድም» አሉ። «ነገ ይህች ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጎረቤቱን እጠራለሁ። ትናገር። ለአባትሽ ግን ማን ይነግረዋል? ከእኔ አፍ ከሰማ ተንኮል ይመስለዋል።»

«እኔ እነግረዋለሁ» አለች ሲድራ።

እዚህ ላይ ስለ አክመል መናገር ተገቢ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ለቸገረው ዕቃ በብድር የሚሰጥ፣ ለሐዘን ቤት ወንበር የሚልክ፣ ልጁን ለማስተማር ሱቁን ብቻውን የሚጠብቅ ነው። ነገር ግን ከዓመታት በፊት ከሥልጤ ሲመጣ፣ ሰፈሩ «የራሱ ውሃ የሌለው ነጋዴ» ብሎት ነበር። ያች ቃል እሾህ ሆና ቀርታለች። ስለዚህ የእሱ ጉድጓድ ከሁሉ እንዲጠልቅ ይፈልጋል።

ማታ እራት ቀርቦ ሲድራ አፏን ከፈተች። የመጀመሪያዋ ቃሏ፣ «ኦቦ ዱቤ ነገ አያስቆፍሩም» የሚል ነበር። ስለ ገመዱ አልተነፈሰችም፤ ቃሏን ጠብቃለች። የቀረውን ልትቀጥል ስትል አንድ ሐሳብ መጣላት። ነገ በጎረቤት ሁሉ ፊት፣ ገመዱ ተዘርግቶ፣ አባቷም እንደ ሌላው ሰው ቆሞ ቢሰማት! እንዴት ያምር ነበር። ጎበዝ ልጅ አጨብጫቢ ሲበዛላት ደስ ይላታል። ትልቁን ነገር ለትልቁ መድረክ አስቀመጠችው።

አክመል ግን ያንኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞ እጁን ሳሕኑ ላይ አቆመ። «ሌንጮ ነገ ሥራ የለውም ማለት ነዋ» አለ። ተነስቶ ስልኩን ይዞ ወጣ። ሲድራ ምን እንዳለች ያወቀችው በማግስቱ ነው።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከራሳቸው በር ላይ ሰው ቆሞ ነበር። ሱቁ ክፍት ነበር፤ ሻጭ አልነበረበትም።

የሆነው ይህ ነው። አክመል ማታውኑ ለሌንጮ ደውሎ ቀጥሮት ነበር፤ ቁፋሮ እንጀራው ነውና ሌንጮ እሺ ብሎ መጥቷል። አክመል የውሃ መሳቢያ ሞተር አለው። ጉድጓዱ ከመጥለቁ የተነሳ ሞተሩ ከላይ ሆኖ መሳብ ካቆመ ቆይቷል። ስለዚህ በገመድ አወረዱትና ከግማሽ በታች በተጋደመ ጣውላ ላይ አስቀምጠው አስነሱት። ከሥሩ ሌንጮ ጭቃ ይዝቅ ነበር። የሞተሩ ጭስ መውጫ አልነበረውም። ሌንጮ እንደ ልማዱ ዘፍኗል፤ መቼ እንዳቆመ ግን የሚያውቅ የለም። ሞተሩ ከዘፈኑ በላይ ይጮህ ነበር። ገመድ የያዙት ሰዎች ያዳምጡ የነበረው ሞተሩን ነው፣ እሱም ሳይቋረጥ ይሠራ ነበር።

ጎትተው ያወጡት አክመልና ኦቦ ዱቤ ናቸው። ጎን ለጎን ሆነው አንድ ገመድ ሲጎትቱ ሰፈሩ ያያቸው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሌንጮ ወደ ላይ ሲመጣ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍሱት እነሱ ብቻ ነበሩ።

ኦቦ ዱቤ ሲድራን ሰው መካከል አዩዋት። አልተቆጡም። «ነግረሽው ነበር?» አሏት ቀስ ብለው።

«ነገ አያስቆፍሩም ብቻ ነው ያልኩት» አለች።

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ እህታቸው ሄዱ።

ሌንጮ ተቀበረ። ፖሊስ መጥቶ አክመልን ወስዶ ጠይቆ በዋስ መለሰው። ለቅሶ ቤቱ ሲያበቃ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ዕርቅ ለማውረድ ኦቦ ዱቤ ግቢ ተቀመጡ። የሟች አጎት ናቸውና ካሳውን የሚጠይቁት እሳቸው ናቸው። ሰው ሁሉ ከብት ይጠይቃሉ ወይስ ሌላ ብሎ ይጠባበቃል። አክመል መሬት መሬት እያየ ቆሞ ነበር። ሲድራ ከሴቶቹ ኋላ፣ ከእናቷ ከራቢአ ጎን ተቀምጣለች።

ኦቦ ዱቤ ተነሱ። «አክመል፣ ጉድጓድህ ስንት ስንዝር ነው?» አሉ።

ሰው ተንጫጫ። ዕርቅ ላይ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም፤ በዚያ ሰፈር ጭራሽ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም።

«መቶ ሃያ» አለ አክመል።

«የእኔ ሰባ ነው» አሉ ኦቦ ዱቤ ወደ ጉባኤው ዞረው። «ሰበታ ድረስ ሄጄ በጋቢዬ ሸሽጌ ገመድ የገዛሁ ሰው ነኝ። የእህቴ ልጅ የሞተው በመቶ ሃያ ውስጥ ነው፣ ግን የገፋነው ሁላችን ነን። ማን ነው ከእኔ ቀጥሎ የሚናገር?»

መጀመሪያ ከወደ በሩ አንድ ሰው ዘጠና አለ። ሌላው ሰማንያ አምስት። አንዲት ሴት ከድምፅ ባነሰ ድምፅ የእኔስ ደርቋል አለች። ለዓመታት የተደበቀው ሁሉ በአንድ ከሰዓት ወጣ። ምንም ያህል የከበደ ምስጢር ቢሆን ሁሉም ቤት እንዳለ ሲታወቅ ምስጢርነቱ ይቀርና ችግር ብቻ ይሆናል። ችግር ደግሞ መላ ይፈለግለታል።

ኦቦ ዱቤ ካሳቸውን ተናገሩ። ከብት አልጠየቁም። አክመል መቶ ሃያውን ጉድጓድ ይድፈን፤ ከእንግዲህም በሰፈሩ ማንም አይቆፍር፣ ሁሉም በተራ ይቅዳ አሉ።

አክመል ቀና አለ። «ኦቦ፣ የፈረዱብኝን እቀበላለሁ» አለ። «ጉድጓዱንም ዛሬ እደፍናለሁ፤ ከእንግዲህ አፉን ማየት አልችልም። ግን ሰው በተስፋ አይታለል። ውሃው እንደሆነ መውረዱን አይተውም። በተራ ብንቀዳም ከርሞ ይወርዳል፣ ከዚያም ይወርዳል። ሞታችንን ብናዘገየው እንጂ ምን አተረፍን?»

ጥያቄው የእውነት ነበር፤ ብዙ ሰውም በልቡ ይዞት ነበር። ኦቦ ዱቤ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «ኢንተላ ኮ፣ ነይ» አሉ። «ለአባትሽ ያልነገርሽውን አሁን ንገሪው።»

ሲድራ ተነሳች። የተመኘችው መድረክ ይኸው ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቧል፣ አባቷም ከፊቷ ቆሟል። ስለ ቋጠሮዎቹ፣ ስለ አንድ ከግማሹ እጥፍ፣ ሌንጮ ስለ ዞረበት ቁፋሮ ተናገረች። የሌንጮን ስም ስትጠራ ሁለት ጊዜ ቆማ ቀጠለች።

«አባ፣ ውሃው ይወርዳል ያልከው ልክ ነው» አለች። «ጥያቄው ግን ይወርዳል ወይስ አይወርድም አይደለም። የዘንድሮው አወራረድ ከአምናው ይበልጣል ወይስ ያንሳል ነው። እጥፉ ከአንድ ከበለጠ፣ በፍሬ ጤፍ ቢበልጥ እንኳ፣ ጉድጓዱ ወለል የለውም። የፈለግነውን ያህል ብናጠልቅ አንድ ቀን ያልፈናል።»

«ካነሰስ?»

«ዘንድሮ አሥራ አራት ወረደ። ለከርሞ ግማሹን፣ ሰባት ወረደ እንበል። ከዚያ የሰባት ግማሽ። ከዚያ የዚያ ግማሽ። በየዓመቱ ይወርዳል፤ መውረዱን አይተውም። ደምረው።»

አክመል ነጋዴ ነው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «ሰባት፣ አሥር ከግማሽ፣ አሥራ ሁለት ከሩብ...»

«ሌላ አሥራ አራት ይሞላል?»

መደመሩን ቀጠለ። «ይጠጋዋል። አይሞላም።»

«የልጅ ልጅህ ቢደምረውም አይሞላም። አንድ ዳቦ ግማሹን ዛሬ፣ የቀረውን ግማሽ ነገ፣ የቀረውን ግማሽ ከነገ ወዲያ እየበላህ ከአንድ ዳቦ በላይ ልትበላ አትችልም። ወለል ማለት እሱ ነው።»

«ግማሽ ባይሆንስ? ከአሥር ዘጠኝ እጁ ቢሆን?»

«ወለሉ ይርቃል። ግን አለ። ከአንድ እስካነሰ ድረስ ሁልጊዜ አለ። እንዲያንስ ማድረግ ደግሞ የእኛ ሥራ ነው።»

አክመል ልጁን ለረጅም ጊዜ ተመለከታት። ከዚያ ወደ ወርቅቱ ሄዶ እግሯ ላይ ወደቀ፤ ሽማግሌዎቹ አነሱት። «ሮቶዎቹ ከሱቄ ይወጣሉ» አለ። የዚያኑ ቀን ጉድጓዱን በድንጋይ መድፈን ጀመረ፤ ከፊቱ ተሰልፈው ድንጋይ ያቀበሉት እነዚያው ጥልቀታቸውን የተናገሩ ጎረቤቶች ናቸው።

ከዚህ ለውጥ የተገኘውን ጥቅም ለአንባቢ መዘርዘር ግዴታ ነው፤ ልማድ በጥቅሙ ካልተለወጠ በምክር ብቻ አይለወጥምና። በተራ መቅዳት ከተጀመረ ወዲህ ማንም ሰው ጉድጓድ ውስጥ አልወረደም። በክረምቱ ከየጣራው የወረደው ውሃ ለልብስና ለዕቃ እጥበት በቅቶ፣ ትርፉ ወደ ደረቁት ጉድጓዶች እንዲገባ ተደርጓል፤ መሬትም የሰጧትን አትረሳም። ልጆች ከውሃ ፍለጋ ይልቅ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ችለዋል። ጉድጓዷ የደረቀው ሴት ዛሬ እድር ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትናገራለች፤ እንዲያውም አንዳንዴ ዝቅ ብታደርገው ይሻል ነበር። ግንቦት ተመልሶ ሲመጣ፣ በአሮጌው ልማድ ሃያ አንድ ስንዝር ይወርድ የነበረው ውሃ ስምንት ወረደ። ሰው ደስ ብሎት ሲድራን ሊያመሰግን መጣ። እሷ ግን አንድ ዓመት አይቶ መፍረድ አይቻልም፣ ሌላ ሁለት ሦስት ግንቦት እንይ ብላ መለሰቻቸው። የሱሉልታ ሰዎች ደግሞ ሰምተው መጥተው ከኦቦ ዱቤ ጋር ግማሽ ቀን ሲከራከሩ ዋሉ። ሽማግሌው፣ መቀነሱን ተዉትና አካፍሉት እያሉ ሲያስተምሩ ያያቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን በዚህ ሐሳብ የኖሩ ይመስለዋል።

በተራው ደንብ ላይ ሽማግሌዎቹ አንድ ነገር ጨምረው ነበር፤ በየማለዳው የመጀመሪያዋን ባልዲ የምትቀዳው የሌንጮ እናት ወርቅቱ ትሁን የሚል። ወርቅቱ ብዙ ቀን አልመጣችም። ባልዲዋን ሳይቀዱ ይጠብቋት ነበር፤ ከዚያ ሌላው ይቀዳል።

አንድ ጠዋት መጣች። ተረኛው ጉድጓድ አፍ ላይ ሲድራ ብቻ ነበረች። ወርቅቱ ጄሪካኗን አስቀመጠች።

«ወንድሜ ዱቤ ቁጥሩ ልክ ነው ይላል» አለች።

«እስካሁን ልክ ይመስላል።»

«አንድ ማታ ቀደም ብለሽ ለአባትሽ ሙሉውን ብትነግሪው ኖሮስ?»

ሲድራ፣ አፏን መያዝ የማትችለዋ ልጅ፣ የባልዲውን ገመድ ያዘች። ይቅርታ የሚለው ቃል አፏ ውስጥ ነበር፤ ትንሽ ስለሆነባት አላወጣችውም።

ወርቅቱም መልስ አልጠበቀችም። «ከባድ ነው፣ አውጪልኝ» አለች።

ሲድራ ባልዲውን ጣለች፣ እስኪሞላ ጠበቀች፣ ጎተተች። ውሃውን ጠብታ ሳታፈስ ወደ ጄሪካኑ ገለበጠችውና እስከ ወርቅቱ ቤት ድረስ ተሸክማላት ሄደች። በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም።